ጎበዝ እማዬ... ትክክል ነው

ዛሬ ጥያቄ አልለጥፍም።

ከዚህ በላይ ያያችኋቸውን የዛሬዎቹን ሁለት ጥያቄዎችም የለጠፍኳቸው እኔ አይደለሁም። የመለሳችሁ ካላችሁ የሆነው ሆኗል። ያልመለሳችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡና መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። "አድሚን ደግሞ ዛሬ ተረት ጀመረች" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ስቄ ነበር የማልፈው።

የሆነው ቀትር ላይ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት። ሌሊት አይደለም፣ ዝናብ የለም፣ ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔ ግን ያለሁት የሕንፃችን ደረጃ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከራሴ ቤት በር ፊት ለፊት። ደረጃው መስኮት ስለሌለው በቀንም ጨለማ ነው።

ያለኝ የስልኬ ብርሃን ብቻ ነው...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችሁ ይህ የጥያቄና መልስ ቻናል ለእናንተ የተከፈተ ይመስላችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝና አይደለም። የተከፈተው ለእናቴ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ናት። ተማሪዎቿ "ወይዘሮ ካርታ" ይሏት ነበር። የአንድ ወንዝ ስም ብትጠሩላት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ አየር ላይ ትስልላችኋለች።

ከዚያ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣደችውን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን...

ሐኪሙ "በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጥያቄ ጠይቂያት" አለኝ። "ስትመልስ አመስግኛት። ስትስት አትቆጫት።"

እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ "ማን ልበል?" እንዳትለኝ። ወንዙም ይድረቅ፣ ተራራውም ይናድ፣ እኔን ብቻ እንዳትረሳኝ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። በምሳ እረፍቴ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤት እደውልና አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ። እሷ ከመለሰች በኋላ ያንኑ ጥያቄ እዚህ እለጥፋለሁ። እንዲህ እያለ እናንተ በዛችሁ። ሁልጊዜ አንደኛ የሚመልሰው የመጋዘን ጠባቂ፣ "ቀዳሚው"፣ መጣ። ትክክለኛ መልስ ላይ እንኳ "ይግባኝ አለኝ!" ሳይል የማያድረው ተከራካሪም መጣ። እኛም "ይግባኝ" ብለን ስም አወጣንለት።

ይግባኝ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ዛሬ እፈልግሃለሁ።

በቅርቡ ሱቁ ሥራ በዛበትና አለቃዬ የምሳ እረፍታችንን በፈረቃ አደረገው። ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ልቤ መደወል አልቻልኩም።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ መላ ዘየድኩ።

አሮጌ ስልኬ ላይ ድምፄን ቀዳሁ። ጥያቄ... ትንሽ ዝምታ... ከዚያ "ጎበዝ እማዬ! ትክክል ነው።" ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ። ስልኩን መስኮቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ይናገራል።

ልብ አላችሁ? የተቀዳው ድምፅ መልሷን አይሰማም። ብታውቀውም ብትስተውም "ትክክል ነው" ይላታል። ይግባኝ ቢያውቅ ፍርድ ቤት ያቆመኝ ነበር። ግን "ጎበዝ" ስትባል ፊቷ እንዴት እንደሚፈካ ስለማውቅ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ለእሷም አጥብቄ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ጥያቄ ስትሰሚ አትጨነቂ። የመጣልሽን መልሺ። የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።"

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አገኘሁት። በራችን ትይዩ ነው፤ የሚኖረውም የሚሰፋውም እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው።

መብራቱ በላያችን ቦግ አለ። የደረጃችን መብራት ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ዓይነት ነው። ልብስ ሰፊው ባለፈ ቁጥር ይሰድበዋል፦ "ለእኔም ይበራል፣ ለድመትም ይበራል። ክብር የማያውቅ!"

"ዛሬ ፈቃድ ወጣሽ እንዴ?" አለኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"ቀትር ላይ ከእናትሽ ጋር ስትጫወቱ ሰማኋችኋ። ደስ አላችሁኝ።"

"እኔ አይደለሁም ጋሼ። የተቀዳ ድምፅ ነው።"

ከንፈሩ ላይ የያዘውን ክር አወጣ።

"የተቀዳ ድምፅ ይስቃል እንዴ?"

እኔም ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲጮህበት የዋለ ጆሮ ምኑን ከምን ይለየዋል ብዬ አለፍኩ።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር።

ከእናቴ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተስቧል... ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ።

አሮጌውን ስልክ አነሣሁት። ጠፍቷል። እናቴ አቧራ ስትጠርግ ቻርጀሩን ነቅላው ኖሮ ባትሪው ሙጥጥ ብሏል። ብጫነው ብጫነው አልበራም።

"እማዬ፣ ዛሬ ጥያቄ ነበር?"

"ነበር እንጂ! ቀላል ነው የጠየቅሽኝ። ምን አስተምር እንደነበር።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀዳሁም።

"ታዲያ ምን ብለሽ መለስሽልኝ?"

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዓለም ካርታ ሄደ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ያለ ካርታ ነው።

"ይሄ ወረቀት ምንድን ነው?" አለችኝ። "ለምን እዚህ ሰቀልሽው?"

ቻናሉን ከፈትኩ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ በእኔ ስም፣ አንድ ጥያቄ ተለጥፏል። "ወይዘሮ ካርታ ምን ታስተምር ነበር?" ታስታውሱታላችሁ። ቀዳሚው "ስሟ ራሱ መልሱን ይዟል" ብሎ ጂኦግራፊን መረጠና አረንጓዴ ምልክት መጣለት። እናንተም "አድሚን ዛሬ ቀለደችብን" ብላችሁ ተሳሳቃችሁ።

ከእኔ በቀር እዚህ ቻናል ላይ መለጠፍ የሚችል ሰው የለም።

ማክሰኞ አሮጌውን ስልክ አጥፍቼ በቦርሳዬ ይዤው ሥራ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ሲል ደንበኛዬን "አንዴ" ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ቤት ደወልኩ።

ተይዟል።

እናቴ ስልክ የምታነሣው እኔ ስደውል ብቻ ነው።

እንደገና ደወልኩ። ተይዟል...

እጄ ላይ ስልኩ ነዘረ። አዲስ ጥያቄ።

"የአድሚን አገጭ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን የመጣ ነው?"

ሀ) ውሻ ነክሷት። ለ) ሉል ይዛ ደረጃ ላይ ወድቃ። ሐ) በቢላ።

ከእናንተ መሃል ይህን የሚያውቅ ማንም የለም። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤቷን የዓለም ሉል ለልብስ ሰፊው ላሳይ ተሸክሜ ስሮጥ፣ አሁን የተቀመጥኩበት ደረጃ ላይ ተደፍቼ አገጬ ተሰንጥቋል። እናቴ አቅፋኝ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። "የኔ እብድ፣ ዓለምን ተሸክማ ወደቀች!" ከዚያ ወዲህ ስትሰናበተኝ ሁልጊዜ በአውራ ጣቷ ጠባሳዬን ዳበስ ታደርገዋለች። ከምትስመኝ እሱን ብትነካልኝ ይሻለኛል።

"ለ"ን ነካሁ። አረንጓዴ ሆነ።

ወደ ደንበኛዬ ተመለስኩ። መነጽር ቤት ውስጥ ዞር ባሉበት ሁሉ መስታወት ነው። ደንበኛዬ አዲሱን መነጽር አድርጎ ፊቱን ሲያይ እኔም ከጎኑ ራሴን አየሁት።

አገጬ ልሙጥ ነው።

ጠጋ አልኩ። በጣቴ ፈለግኩት። መስመር የለ፣ ምልክት የለ። የሕፃን አገጭ።

"እህት፣ ደህና ነሽ?" አለኝ ሰውየው።

"ደህና ነኝ። መነጽሩ አምሮብሃል" አልኩት። ድምፄ ከሌላ ሰው የሚመጣ መሰለኝ።

ማታ እናቴን አስተኝቼ "ደህና እደሪ" ስላት እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ወደ አገጬ ላከች። ዳበሰችኝ። ቆም አለች። አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ፈለገች።

"ምን ነበር የምፈልገው?" አለችኝ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ቀን ቀን ማን ነው የሚመጣው?"

"ቀስ በይ" አለች በሹክሹክታ። በሩን አየች። "ትሰማናለች።"

"ማን?"

"ልጄ።"

"ልጅሽ እኔ ነኝ እኮ።"

በአዘኔታ አየችኝ። ልጅን እንደሚያባብሉ እጄን መታ መታ አደረገች።

"አንቺ የማታዋ ነሽ። እሷ የቀኗ ናት።"

"እማዬ..."

"አንቺ ደግሞ ረሳሽው ነው የምትዪኝ። እሷ ግን ጎበዝ ትለኛለች።"

ስለዚህ ቃል ምን እንደተሰማኝ ልጽፍላችሁ አልችልም። ሐኪሙ አትቆጫት ብሎኝ ነበር። ተቆጥቻት አላውቅም። ግን ደክሞኝ ስገባ "እማዬ፣ አሁን ነገርኩሽ እኮ" ያልኳት ስንት ጊዜ ይሆን?

ዛሬ ፈቃድ ወሰድኩ።

ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ቡናማ ሹራቤን እንደለበስኩ ያችን ወንበር ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። ይህን ወንበር የሚፈልግ ካለ እኔን አንሥቶ ይቀመጣል አልኩ በሆዴ። እናቴ ደህና ነበረች። ቀለደችብኝ፣ ፀጉሬን አበጠረችልኝ፣ በስሜም ጠራችኝ።

በስሜ ጠራችኝ!

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ።

"ልብስ ሰፊው ይሆናል" አለች እናቴ።

ስልኬን ከእጄ ሳልለቅ ሄጄ ከፈትኩ። ማንም የለም።

ግን የደረጃው መብራት በርቷል። እንግዲህ የሆነ ነገር አልፎ ነው የበራው። አንገቴን አውጥቼ ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። ወደ ታች የሚወስደውን መታጠፊያ ለማየት አንድ እርምጃ ብቻ ወጣሁ።

አንድ እርምጃ...

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። በኃይል አይደለም። እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚዘጋ፣ ቀስ ብሎ።

ቁልፌ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከውስጥ ወንበሩ ሲሳብ ሰማሁ።

ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

"ስድስት ሰዓት ሆነ እማዬ። ተዘጋጀሽ?"

"ተዘጋጅቻለሁ" አለች እናቴ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት።

እጄ ላይ ስልኩ ነዘረ። ውስጥ ያለችው የምታነበው ጥያቄ እዚህ ቻናል ላይ ተለጠፈ፣ ቃል በቃል።

"ወይዘሮ ካርታ ስንት ልጅ አላት?"

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። "እማዬ አትመልሺ! እማዬ እኔ ነኝ! አትመልሺላት!"

"ቆይ፣ በሩ ላይ ሰው አለ" አለች እናቴ።

"ተይው እማዬ። መጀመሪያ መልሺ።"

"ቀላል ነው እኮ። አንድ። አንዲት ልጅ አለችኝ።" ሳቋን ሰማሁት። "ይቺው ፊቴ የተቀመጠችው።"

"ጎበዝ እማዬ! ትክክል ነው።"

የልብስ ሰፊው በር ተከፈተ። መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለ። ጋሼ፣ ጋሼ ድረስልኝ ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ክንዱን ቀስ አድርጎ ከእጄ አስለቀቀ። የመጀመሪያዬን የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋልኝ ሰው ነው።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለኝ።

"ጋሼ... እኔ ነኝ።"

"እዚህ ቤት የሚኖሩት እናትና ልጅ ናቸው። ምሳ ላይ ናቸው መሰለኝ። ቆየት ብለሽ ብትመለሺ ይሻላል።" ይህን ብሎ ገባ።

በዚህ መሃል የእኛ በር ተከፈተ። ሰንሰለቱ አልተነሣም። በክፍተቱ የእናቴ ግማሽ ፊት ታየኝ።

"አቤት? ማን ልበል?"

ስፈራት የኖርኩት ጥያቄ ይቺ ናት። አገጬን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁላት። አውራ ጣቷን ብትልክልኝ ብዬ። እሷ ግን ትሕትናዋን ሳትተው ትንሽ ወደ ኋላ አለች።

"ልጄን ፈልገው ከሆነ እያበላችኝ ነው። ይጠብቁ ልበልዎት?"

እርስዎ አለችኝ። እናቴ።

በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። በእኔ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ቡናማ ሹራብ ለብሳለች። ፀጉሯ ጠዋት እናቴ እንዳበጠረችልኝ ነው የተያዘው።

አልዞረችም። ስልኳ ላይ የሆነ ነገር እየጻፈች ነበር።

በሩ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መሄጃ ጠፋኝ። የራስን ቤት ትቶ ወዴት ይኬዳል?

ትንሽ ቆይቶ ድምፄ እንደገና መጣ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በጣም ቀርቦ፣ ለእኔም ጭምር የሚናገር ይመስል።

"እማዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ?"

"ጨምሪ።"

"ከበራችን ውጭ ደረጃው ላይ የተቀመጠው ማን ነው?"

እናቴ አሰበች። ረጅም ጊዜ አሰበች። በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። የማታዋ በይኝ። ሌላው ቢቀር የማታዋ በይኝ...

"እንጃ..." አለች። ድምፅዋ ደከመ። "ማንም። ማንም የለም።"

"ጎበዝ እማዬ... ትክክል ነው።"

የደረጃው መብራት ጠፋ።

ይህም እዚሁ ተለጠፈ፤ ከላይ ያያችሁት የመጨረሻው ጥያቄ ይሄ ነው። በስሜ የቀረኝ የቻናሉ የይለፍ ቃሌ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ መቼ እንደሚሠራልኝ አላውቅም። ቀዳሚው እንደ ልማዱ አንደኛ ሆኖ "ማንም" የሚለውን መርጧል። አረንጓዴ መጥቶለታል። ከእሱ ኋላ የመረጣችሁት ሲጨምር እያየሁ ነው። አልፈርድባችሁም፣ ጨዋታ መስሏችሁ ነው።

ይግባኝ... የት ነህ? ሁልጊዜ ስትከራከረኝ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ተከራከርልኝ። "በዚህ መልስ ላይ ይግባኝ አለኝ፣ ደረጃው ላይ ሰው አለ" ብለህ ጻፍልኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል።

አሁን ልብስ ሰፊው የሰፋውን ልብስ ይዞ ወጣ። መብራቱ ቦግ አለለት። "ክብር የማያውቅ!" ብሎ ሰደበው። በአጠገቤ ሲያልፍ እግሬን ሊረግጠኝ ምንም አልቀረውም። ወደ ታች ወረደ፣ የእግሩ ድምፅ ራቀ፣ መብራቱ መልሶ ጠፋ።

ተነሥቼ ልክ መብራቱ ሥር ቆምኩ። እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩ።

ለድመት እንኳ የሚበራ መብራት ነው።

አሁንም እያወዛወዝኩ ነው...